የአቶ ዘውዱ መኪና አልነሳ ያለችበት ጠዋት

ባለፈው እሁድ፣ ከምኖርበት የገላን ኮንዶሚኒየም ሕንጻ ሥር፣ አንዲት ጎረቤቴ መኪናዋ አልነሳ ብላት ቆማ አገኘኋት። መኪናዋ ሃይብሪድ ናት፤ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሄድ። ባትሪዋ ስለሞተ የኋላ በሯም አልከፈትም ብሏል። በኋላ ወንበር ላይ ተንጠላጥዬ ወደ ዕቃ መጫኛው ገባሁና በጉልበቴ ተንበርክኬ ከውስጥ ከፈትኩላት። የታፈነው የምንጣፍና የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እጄ ቀጥ አለ። ጎረቤቴ የደከመኝ መስሏት ውኃ ላምጣልህ አለችኝ። ደክሞኝ አልነበረም። እንደዚያ ተንበርክኬ የማውቀው ሌላ ጠዋት ነበር፤ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ አቃቂ በሰቃ፣ ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከሁለት ዓመት በኋላ በነበረው ክረምት።

አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ አቶ ዘውዱን አገባች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ እቤትም ውስጥ እንደ ቢሮ የሚራመድ ሰው። አንቱ የምለው ፊቱ ስቆም ብቻ ነበር። እናቴ “ጋሼ” በለው ብላ ስንት ጊዜ ለመነችኝ፤ እኔ ግን ሆን ብዬ “አቶ ዘውዱ” እለው ነበር፣ እንደ ባለጉዳይ። እሱም በበኩሉ ስሜን አይጠራም። ከቴክኒክ ኮሌጅ በአውቶ ኤሌክትሪክ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈት ሆኜ ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ “ባለ ዲፕሎማው” ብሎ ነበር የሚያስተዋውቀኝ። እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔ ተነስቼ እወጣለሁ።

መኪናዋን፣ እንደ ጎረቤቴ መኪና ያለች ሃይብሪድ፣ ያገለገለች ሆና ከውጭ አስመጥቶ ገዛት። በሰፈራችን እንደሷ ያለ ድምፅ የሌለው መኪና ታይቶ ስለማይታወቅ፣ በመንገዳችን ሲያልፍ ሰዉ ሁሉ እየዞረ ያያት ነበር። እኔ በተማርኩት ነገር ልጠጋት ስል ሳሪስ ያለው መካኒኩ ብቻ እንደሚነካት አስታወቀኝ። ይህንንም ቻልኩ። ያልቻልኩት የሐምሌ መጀመሪያ ላይ የነገረኝን ነው። በግቢው በር አጠገብ አባቴ በገዛ እጁ፣ በእረፍት ቀኖቹ የሠራት አንዲት ክፍል ነበረች፤ እኔ የምተኛባት። እሷ ፈርሳ ለመኪናዋ መጠለያ ሊሠራ ነው። እስከ ጳጉሜ ቦታ ፈልግ አለኝ። እናቴን አየኋት፤ ዓይኗን እሳት ላይ ወዳለው የሽሮ ድስት መለሰች። በኋላ እንደገባኝ፣ ያኔ ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበራትም።

እናቴ ታማ ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪሞቹ ቶሎ ይውጣ ቢሉም፣ ለቀዶ ሕክምና ተራ ስትጠብቅ አምስት ወር ሆኗታል። እየከሳች፣ ቀሚሷ እየሰፋባት ሄደ።

ክፍሌ እንደምትፈርስ በተነገረኝ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ወደ ግቢ ገባሁ። መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ቆማለች፣ በሯ አልተቆለፈም። ከሸራው ሥር ገብቼ በሩን ከፈትኩና ጣሪያው ላይ ያለውን የውስጥ መብራት አበራሁት። በሩን ዘጋሁ። ብርሃኑ በሸራው አይታይም። ባትሪው ያረጀ መሆኑን ስለማውቅ እስኪነጋ እንደሚሞት እርግጠኛ ነበርኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ጠዋት ቢሮ ያረፍዳል፣ ይዋረዳል፣ እኔ ቀድሜ ተነስቼ መብራቱን አጠፋለሁ። ከዚያም ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘግቼ ተኛሁ። እራት ሲጠሩኝም አልወጣሁም።

ብወጣ ኖሮ እሰማ ነበር። ከሆስፒታሉ ተደውሎ ነበር። አንድ ተረኛ ስለቀረ እናቴ በማግስቱ እንድትመጣ፣ እስከ አራት ሰዓት ካልደረሰች ግን ተራው ለሌላ እንደሚያልፍ ተነግሯቸዋል።

በማግስቱ የቀሰቀሰኝ የሸራው መንሿሿት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ስወጣ አቶ ዘውዱ ካፖርቱን ለብሶ በሩን ከፍቶ መሪው ፊት ተቀምጧል፤ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ከበረንዳው ላይ ቆማለች። የት እንደሚሄዱ ስጠይቃት ነገረችኝ።  አቶ ዘውዱ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ፤ ምንም የለም። ከዚያ እጁን ወደ ጣሪያው አነሳና አንድ ነገር ነካ። እንደበራ የቀረውን የመብራቱን ማብሪያ ነው ያጠፋው። ዞሮ አየኝ። 

ታክሲ ሊፈልግ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ያን ቀን ግን ባለታክሲዎቹ መስመራቸውን በሚወስነው ታፔላ ጉዳይ አኩርፈው ሥራ አቁመው ነበር። አውቶቡሱ ሰው በበሩ ተንጠልጥሎበት ነው የሚያልፈው፤ እናቴ በዚያ ግፊያ የምትቆምበት አቅም የላትም። ጎረቤታችንን ከፒክአፑ ባትሪ ለማስነሻ ኃይል እንዲሰጠን ለመንነው፤ ሰውየው እንዲህ ያለች መኪና የኔንም ታቃጥላለች ብሎ እምቢ አለ። አቶ ዘውዱ ርሶ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ሆነ።

ባትሪውን እኔ እቀይረዋለሁ አልኩት። የሳሪሱ መካኒክ ያላወቀ ሰው ከነካት በኤሌክትሪክ ይሞታል እንዳለው ነገረኝ። የሚገድለው ትልቁ ባትሪ ነው፣ ብርቱካንማ ሽቦ ያለውን ማንም አይነካም፤ የሞተው ግን መኪናዋን የሚቀሰቅሳት ትንሹ ነው፣ ከማንኛውም መኪና ባትሪ አይለይም አልኩት። አላመነኝም። ለምንስ ያምነኛል?

“ተወው ይንካው” አለች እናቴ ከበረንዳው። “ልጄ የተማረው ይህንን ነው።”

እንዲህ ስትል ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ነስሩ የሚባል የስልጤ ነጋዴ ከገበያው አጠገብ መለዋወጫ ይሸጥ ነበር፤ የሚኖረውም ከሱቁ ኋላ ነው። በሩን ደብድቤ አስነሳሁት። ትክክለኛው ዓይነት አልነበረውም፤ ሽቦ የሚታሰርባቸው ዘንጎቹ ቀጫጭን የሆኑ፣ ለትንንሽ የጃፓን መኪናዎች የሚሆን አንድ ባትሪ አገኘልኝ። በትከሻዬ ተሸክሜ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ተመለስኩ።

ትንሹ ባትሪ ያለው ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ የኋላው በር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ስለሆነ በወንበሩ ላይ ተሻግሬ ከውስጥ መክፈት ነበረብኝ። አቶ ዘውዱ ጃንጥላ ይዞ ከጀርባዬ ቆመ። የያዘው ለእኔ አልነበረም፤ ውኃ እንዳይገባባት ለመኪናዋ ነው። የፕላስቲክ ክዳኑን አነሳሁ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈታሁ። አንዱ ብሎን ከእጄ አምልጦ ወደ ውስጥ ወደቀ። “ባለ ዲፕሎማው” አለ በለሆሳስ። ብሎኑን ስፈልግ የቆርቆሮው ጠርዝ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ደሙን በሱሪዬ ጠርጌ ቀጠልኩ። አዲሱ ባትሪ ከአሮጌው ትንሽ ይረዝማልና ማሰሪያው አልገጥም አለ። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ጠፍሬ አሰርኩት። የጋዝ ማስወጫ ቀጭን ቱቦውንም እንደምንም ሰካሁት። ሽቦዎቹን አሰርኩና ይሞክሩት አልኩ።

የዳሽቦርዱ መብራቶች አንድ ላይ በሩ። እናቴ አማተበች። አቶ ዘውዱ “ግባ” አለኝ፤ መንገድ ላይ ብትቆም ብሎ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ ያለው መንገድ ዳር ታክሲ ያጣ ሰው በጃንጥላና በፌስታል ተሸፍኖ ተሰልፏል።  ሳሪስ አቦ ስንደርስ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተሳለመች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ስሜን የሰማሁ መሰለኝ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲል ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። ነርሷ ሻንጣዋን ተቀብላት ይዛት ገባች።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ቀዶ ሕክምናው በደህና መጠናቀቁን ነገሩን። ሁለታችንም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስንም ነበርና ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ አባትና ልጅ መስለናት ፍርፍሩን በአንድ ትሪ አቀረበችልን። እሱ በራሱ በኩል፣ እኔ በራሴ በኩል፣ መሃሉን ሳንነካ መብላት ጀመርን። ትኩስ ነበር፣ ቃሪያው ያቃጥላል። የዚያ ፍርፍር ጣዕም ዛሬም አፌ ላይ አለ።

“መብራቱን ያበራኸው አንተ ነህ” አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እጄን ከትሪው አነሳሁ።

“ለእሷ አልነግራትም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ልጇ እንዲህ እንዳደረጋት ሰምታ አትድንም ብዬ ነው። እስከ ጳጉሜ ግን ትወጣለህ።”

እሺ አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር የታዘዝኩት ያን ቀን ነው።

ጳጉሜ ሳይገባ ወጣሁ። ነስሩ ከሚያውቀው አንድ ጋራዥ አስገባኝና የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራሁ ሳሪስ ተከራየሁ። ክፍሏ ፈረሰች፤ የአባቴን ብሎኬት በጋሪ ጭነው ሲወስዱ አላየሁም፣ እንዳላይ ሆን ብዬ አልሄድኩም። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ለጎረቤት ሁሉ ልጄ በዝናብ ባትሪ ቀይሮ ሕይወቴን አተረፋት እያለች ታወራ ነበር። እሱ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል፣ እኔም እሰማለሁ፣ አንዳችንም አናርማትም። በመጨረሻ በሽታው ተመልሶ አልጋ ላይ ሲጥላት ልነግራት ቆርጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አቶ ዘውዱ ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝና አትንገራት በሚል ራሱን ነቀነቀ። ተውኩት። ራሱን ስለነቀነቀብኝ በጣም ጠላሁት፤ ልክ እንደነበረ ለማመን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን ሰባ አምስት ሊሞላው ነው፤ ዓይኑም ደክሟል። በሙት ዓመቷ እንገናኛለን፣ ጎን ለጎን እንቆማለን፣ የምንነጋገረው ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ነው። አይወደኝም፤ እኔም አልወደውም። በዚህ ዕድሜ ይለወጣል ብዬም አልጠብቅም። ልጆቼና ጓደኞቼ እንዲሁም ሚስቴ ደግ ሰው ነህ ይሉኛል፤ እናቴም እንዲያ ስትለኝ ሞተች። ያን ምሽት ከሸራው ሥር ምን እንዳደረግሁ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰሞኑን መታመሙን ስሰማ ደነገጥኩ። እሱ ሲሄድ፣ እኔን በትክክል የሚያውቀኝ ሰው አይኖርም።