ጉድለቱ የማን ነው?

ሽመክት በያጅ ነው። ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ ካለ መንደር ከሰፈሩ በኋላ እዚያው ተወለደ። ጉባ ግድቡ ላይ ስድስት ዓመት ብረት ሲበይድ ቆይቶ አሶሳ ከተማ ገባና አገኘሁሽን አገባ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ አልመጣም። ጣት የተቀሰረው አገኘሁሽ ላይ ነበር። እናቱ እማማ እልፍነሽ ከመንደር በመጡ ቁጥር፣ «ዓይኔ ሳይከደን የልጅ ልጅ ልይ፤ ሌላ አግባ» ይሉታል። አገኘሁሽ ሦስት ጊዜ ተመረመረች፤ ምንም አልተገኘባትም። እሱ ግን «እኔ ምን ሆኜ!» እያለ ከረመ።

አንድ ቀን የምርመራ ወረቀቶቿን ፊቱ ዘረጋችና፣ «እኔ የድርሻዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረኸው አንተ ነህ» አለችው። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ።

ውጤቱ ዱብ ዕዳ ሆነበት፤ በዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ አልታየም። ጓደኞቹ «የብየዳው ሙቀት ነው» ሲሉት ሥራውን ጥሎ ሁለት ወር ቤት ዋለ። በኋላ ሐኪሙ ዶክተር ሁንዴሳ፣ «በግምት አትጎዳ፤ ደምህን አዲስ አበባ ልከን ዘረ መልህን እናስመርምር» አለው።

መልሱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ።

«ወንድ በሚያደርገን ክሮሞዞም ላይ አንዲት ቁራጭ ጎድላለች» አለው ሐኪሙ። «አብራህ የተወለደች ናት። ብየዳውም እርግማንም አይደለም።»

«እንግዲያ አበቃልኝ?»

«የለም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ አትድከም እልህ ነበር። እንዳንተ ከሆኑት ግን ግማሽ ያህሉ በቀዶ ጥገና ሲፈለግ ዘር ይገኝላቸዋል። ወንድ ልጅ ከወለድክ ግን ይኸው ጉድለት ይተላለፍበታል።»

«በጊዜ እነግረዋለኋ» አለ ሽመክት። «እንደኔ ስምንት ዓመት ሚስቱን አይበድልም።»

እናቱ ሲመጡ ሳይቀመጡ ነገራቸው። «እማ፣ ጉድለቱ የኔ ነው። እሷ ንጹሕ ናት።»

እማማ እልፍነሽ ጓዳ ገብተው የአገኘሁሽን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ በአፌ ገደልኩሽ። ይቅር በይኝ።» አገኘሁሽ እጇን አልነጠቀቻቸውም።

አዲስ አበባ ላይ ከቀዶ ጥገናው ጥቂት ዘር ተገኘ። ዘሩን ከአገኘሁሽ እንቁላል ጋር በላቦራቶሪ አዳቅለው ማህፀኗ ውስጥ ያስገቡት የመጀመሪያው ፅንስ አልያዘም፤ ሁለቱም አለቀሱ። ሁለተኛው ያዘ። አገኘሁሽ አሁን አምስት ወሯ ነው። ሴት ይሁን ወንድ ሐኪሙ ሊነግራቸው ሲል፣ «ቆይ፣ ሲመጣ እናየዋለን» ብለው ተሳሳቁ።