የቨርሊን ሁለት አፈሙዝ

«ሽጉጡ ምንም አልሆነም! እኔን ነው የሚያሾፍብኝ! የበረዶውን ወራት ሙሉ እንደ ስፌት መኪና ሲሠራ ከርሞ ዛሬ፣ ዛሬን ጠብቆ፣ ጥይት አልጎርስም ይለኛል?»

ይሄ ቨርሊን ነው። ድምፁ ግሪስ ያጣ ኮምባይነር ነው፤ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ ይጨሳል። ተኩስ ሜዳው ላይ ያለነው ሁሉ ሰማነው። ከአጥሩ ወዲያ የሚግጡት ላሞችም ቀና አሉ።

«ሽጉጡን ተወው» አለችው አርዲስ፣ የሚስቱ እህት። አርዲስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ ሲንጫጫ እንኳ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «እኔ አንድ ሽጉጥ አለኝ፣ አንድ አፈሙዝ። አንተ አንድ ሽጉጥ አለህ፣ ሁለት አፈሙዝ፣ ጭንቅላት የለህም።»

ቨርሊን እዚሁ ነብራስካ ውስጥ ኮምባይነር ጠጋኝ ነው። ሁለት ሥራ የማይሠራ ዕቃ ቤቱ አይገባም። ፒክአፑ በብርዱ በረዶ ይገፋል፣ በሙቀቱ ጀልባ ይጎትታል። የሣር ማጨጃው ሞተር ፖም ይጨምቃል። ሚስቱ ማርሊስ «እኔንም ያገባኝ ትራክተር ስለምነዳ ነው» ትላለች፤ እሱም አይክድም።

ሽጉጡም እንደዚያው። ለልምምድ ቀጭኑን አፈሙዝ ያስገባል፣ ዘጠኝ ሚሊሜትሩን፤ የእጁን አንጓ አያመውም። የውድድር ቀን ያወጣውና ወፍራሙን ይከታል፣ አርባ ካሊበሩን። ወፍራሙ ጥይት ከዒላማው መሃል ትንሽ ቢስት እንኳ ከቀጭኑ የተሻለ ነጥብ ይሰጣል፣ ሕጉ እንደዚያ ነው።

ታዲያ ክለባችን ለግዛቱ ውድድር አራት ሰው ይልካል። ሦስቱ ታውቀዋል። አራተኛው ወይ ቨርሊን ነው ወይ አርዲስ። ቨርሊን በየዓመቱ አምስተኛ ይወጣል፤ በየዓመቱ እቤት ቁጭ ብሎ የሌላውን ፎቶ ያያል። አሁን አንድ ዙር ብቻ ቀርቷል፣ አርዲስ በትንሽ ትመራዋለች፣ የሱ ሽጉጥ ደግሞ ባለፈው ዙር ሁለቴ ጥይት አልጎርስ ብሎ ታንቋል።

«አፈሙዙን ከቀየርክ በኋላ ወረቀት ዒላማ ላይ ተኩሰህ ሞክረኸዋል?» አለችው።

«ምን ይሞከራል? ያው ሽጉጥ ነው!»

«እሺ፣ እንወራረድ። የመጨረሻውን ዙር አንዴም ሳይታነቅ ከጨረሰ፣ ዓመቱን ሙሉ የተኮስከውን ቀለህ አጎንብሼ እለቅምልሃለሁ።»

ቨርሊን ቀለህ መልቀም እንደ ጥርስ ሕመም ነው የሚጠላው። ጉልበቱ አይታጠፍማ። «ከታነቀስ?»

«ቀጭኑን አፈሙዝ ትሰጠኛለህ። በረንዳዬ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ነፋስ ሲመጣ ቅጭል ቅጭል ይበል።»

ተጨባበጡ። የሜዳው አለቃ ሌላንድ ሩንዛውን፣ ያንን ሥጋ የታጨቀበት ዳቦ፣ እየገመጠ «ምስክር ነኝ» አለ። ሌላንድ ሲናገር ሁሌ የቀብር ጸሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው፣ አፉ በጥቅል ጎመንና ሥጋ ተሞልቶም ቢሆን።

ቨርሊን ሽጉጡን ሊፈታ ወደ መፍቻው ጠረጴዛ ሄደ። እኛ ሜዳ ላይ ከተኩስ ውጭ ሽጉጥ የሚነካው እዚያ ብቻ ነው፣ ጥይት ግን እዚያ አይነካም። አንዲት ፍሬ ጥይት በእጅህ ከያዝክ፣ ደህና ዋል፣ ተባረሃል፣ ወደ ቤት ነው። የላይኛውን ብረት አወጣና ውስጡን አየ።

አርዲስ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። «አልሰማህም እንጂ እኔስ ነግሬህ ነበር።»

ውስጡ ያለው ሞላ የዘጠኙ ነው፤ ቀጭኑ፣ ልፍስፍሱ። ጠዋት አፈሙዙን ቀይሮ ሞላውን ረስቷል። አርባው ሲተኮስ ብረቱን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ይሄ ደካማ ሞላ ደግሞ መልሶ ለመዝጋት አቅም የለውም።

«አፈሙዙም ይሆናል እኮ የሚያንቀው» አለ በንዴት እየተንተከተከ። እቤቱ ጥርጣሬ ሲገባው ሁሌ አንድ ጥይት አፈሙዙ ውስጥ ጣል ያደርጋል፣ ጠብ ብሎ ይገባ እንደሆነ። እጁ በራሱ ጥይት ወዳለበት ቀበቶው ሄደ።

«እጅህን!»

አርዲስ ጮኸች። አርዲስ! ቨርሊን እጁን ፍም እንደነካ ሰው ሰበሰበ። ሌላንድ መንጋጋው ቆመ። ዝም ብትል ኖሮ እኮ አራተኛዋ እሷ ነበረች፣ ያለቀ ነገር።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ ቨርሊን፣ ይባስ ተናዶ።

«አንተን ተባረህ ሳይሆን ተሸንፈህ ነው ማየት የምፈልገው። ወፍራሙ ሞላህስ?»

«እቤት። የአጃ ቆርቆሮ ውስጥ።»

ከቦርሳዋ የራሷን መለዋወጫ ሞላ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። የሁለቱ ሽጉጥ አንድ ዓይነት ነው፤ የሷም አርባ ነው። አመሰግናለሁ አላላትም። ገጠመውና ሄደ።

የመጨረሻው ዙር። አርዲስ ቀድማ ተኩሳ ጨረሰች፤ ከዚያ ለቨርሊን የማስጀመሪያው ሰዓት ጢጥ አለ። ሽጉጡ ዘመረ፣ አንዴም አልተደናቀፈ። ቨርሊን ጨርሶ እጁን ዘርግቶ ዞረ፦ «ቀለህ! ያንን ሁሉ ቀለህ ልቀሚ!»

ሌላንድ ዒላማዎቹን ሊቆጥር ሄደ። ሲመለስ ፊቱ የእውነት ቀብር ነበር። «ጥይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዷል። ሆድ፣ ሆድ፣ ሆድ። ሁለቱ ጭራሽ የሉም።»

ማነጣጠሪያው የበረዶውን ወራት ሙሉ ለቀጭኑ አፈሙዝ የተስተካከለ ነበር። ወፍራሙ የራሱ ዓይን አለው፤ በቅርብ ዒላማ አልታወቀም፣ በመጨረሻው ሩቅ ዒላማ ግን ለየ። አራተኛዋ አርዲስ ሆነች።

ቨርሊን ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው፣ አነሳው፣ እንደገና ጣለው። «በየዓመቱ! በየዓመቱ አንድ ነገር! ... ውርርዱን ግን በልቻለሁ፣ አልታነቀም!»

«በማን ሞላ?»

«በማን ሽጉጥ በይ እንጂ!»

«ውርርዱ ባንተ ሽጉጥ ነው፤ የኔ ሞላ ያለበት ሽጉጥ ያንተ አይደለም።»

«ሌላንድ! አንተ ነህ ምስክሩ!»

ሌላንድ ሩንዛውን ቁልቁል አየ፣ እኛን አየ፣ ላሞቹን አየ። «እኔ ስትጨባበጡ ነው ያየሁት» አለ። «ስለ ሞላ የተነሳ ነገር አልሰማሁም።»

ቀጭኑ አፈሙዝ ውርርዱ እስኪፈታ አሁንም በሌላንድ መሳቢያ ውስጥ በመያዣነት ተቀምጧል። ቀለሁም ሣሩ ላይ ነው፤ ማንም አጎንብሶ አልነካውም።