በማን መዳፍ?

የሆስፒታሉን የቃጠሎ ክፍል አንጋፋ ነርስ ከፊቷ «ሲስተር»፣ ከኋላዋ «ባለሦስቷ» ይሏታል። ቀኝ እጇ ላይ የቀሩት ጣቶች ሦስት ናቸው፤ ሁለቱን ገና ዳዴ ስትል እሳት በልቷቸዋል። ነርስነት ልማር ብላ ስታመለክት መዝጋቢው እጇን አይቶ፣ በዚህ እጅ መርፌ አይያዝም፣ ሌላ ሙያ ፈልጊ አላት። እንቢታን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ናትና ሦስት ዓመት ተመላልሳ በሩን አስከፈተችው። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሌላው ፈልጎ ያጣውን የሕፃን ደም ሥር የምታገኘው እሷ ናት። መዝጋቢው ዛሬ ቢያያት ያፍር ይሆን? እንጃ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ማፈር አይሆንላቸውም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ እያለከለከች ገባች። ልጅቷ የሻይ ማንቆርቆሪያ ስባ ደረቷና ሆዷ ላይ ገልብጣዋለች። በቅርቡ የተመደበው ወጣት ሐኪም መዳፍ ከነጣቱ የሰውነት አንድ በመቶ መሆኑን ያውቃል። መዳፉን ዘርግቶ ቁስሉን ሳይነካ ከላይ ከላይ ለካና «አራት» ብሎ ካርዱ ላይ ጻፈ። አራት ከሆነ ቅባት፣ ፋሻና ወደ ቤት ነው። ሕፃን ከአሥር ካለፈ ግን ተኝቶ በደም ሥሩ ፈሳሽ ካልተሰጠው፣ ቁስሉ የሰውነቱን ውኃ ጨርሶ ሊገድለው ይችላል።

ሲስተር የልጅቷን የደረቀ ከንፈር አየች።

«ዶክተር፣ በማን መዳፍ ነው የለኩት?»

«በራሴ ነዋ።»

«የተቃጠሉት እርስዎ አይደሉም።»

ሐኪሙ ጆሮው ቀላ። ስህተቱ ሳይገባው አልቀረም፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበትና፣ ውሳኔው የሐኪም መሆኑን አስታውሷት እናትየውን በሉ ይሂዱ አላት። ሲስተር ካርዱን ብብቷ ስር ሸጉጣ በሩ ላይ ቆመች። ከፈለገ ለአለቃዋ ይክሰሳት፣ ይህች ልጅ በአራት አትወጣም አለችው። ምስኪኗ እናት ማንን እንደምታምን ጨንቋት አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች።

ሲስተር የጓንት መጠቅለያ ወረቀት አንስታ የልጅቷን ደህና እጅ በላዩ ዘረጋችና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አዞረችበት። ልጅቷ ለቅሶዋን ትታ ማየት ጀመረች። ሲስተር ቅርጹን ቆርጣ ለሐኪሙ ሰጠችው። ቀልቶ ብቻ የቀረውን ይተዉት፣ ውኃ የቋጠረውንና የተላጠውን ይቁጠሩ አለችው።

ቆጠረ። እስከ ስምንት ድረስ ድምፁ ይሰማ ነበር። አሥር ላይ ዝቅ አለ። አሥራ ሁለት ያለውን የሰማችው አጠገቡ የቆመችው ሲስተር ብቻ ናት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ሞኝ አልነበረም። ካርዱን ተቀብሎ አራቱን ሰረዘና ልጅቷ እንድትተኛ አዘዘ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«ሲስተር» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ፣ «እኔም እኮ የታካሚው መዳፍ ነው ተብዬ ተምሬ ነበር። እርስዎ እንዴት አልረሱትም?»

ሲስተር ባለሦስት ጣት እጇን አነሳችለት።

«በዚህ እጅ ሰው ይለካል? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታካሚዎቹን የራሳቸውን መዳፍ ነው የምጠይቃቸው።»

ከዚያ በዚያው እጅ መርፌውን ይዛ የልጅቷን ደም ሥር በአንድ ጊዜ አገኘችው።