ድመቱን ለማኮላሸት ስድስት ብር

ከጣልያን ጦርነት በኋላ አባቴ ጎንደር ፒያሳ ላይ እህል ይነግድ ነበር። መጋዘኑን ከአይጥ የሚጠብቅለት ወንድ ድመት ሴት ፍለጋ እየጠፋ፣ ቆስሎ እየተመለሰ አስቸገረው። ስለዚህ ከብት ሊከትብ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ለምኖ ሱቃችን ድረስ አመጣ።

ሐኪሙ ድመቱን አገላብጦ አየና፣ «ማኮላሸቱ ከነማደንዘዣው ስድስት ብር ነው» አለ።

ክው አልሁ። በገጠር በሬ ቀጥቅጦ ለሚያኮላሽ ሰው እንኳ ጠላና ምሳ ነበር የሚሰጠው። አባቴ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ቦርሳውን አውጥቶ ከፈለ።

ጤፍ ታበጥር የነበረችው እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ ወደ አባቴ ዞረች።

«ምነው፣ ጆሮዬ መግል ይዞ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ብዬ ስለምንዎ አራት ብር ከየት ይመጣል አላሉኝም? ይኸው ግራ ጆሮዬ ደንቁሮ ቀረ።»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። እኛ ልጆቿ ስንጠራት ዝም የምትለን ሥራ በዝቶባት ይመስለን ነበር።

በማግሥቱ አባቴ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ጊዜው አልፏል ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ሊያነጋግራት ሲፈልግ ዞሮ በቀኟ በኩል ይቆም ነበር።