እስኪያመኝ ልሂድ
ያሳደጉኝ አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። የቡለን ገበሬ ነበሩ። የእግራቸው ደም ሥር ጠቦ ሲራመዱ ባታቸውን እየያዛቸው ሲቸገሩ፣ አሶሳ እኔ ቤት አመጣኋቸው። የሆስፒታሉ ባለሙያ በየቀኑ እስኪያማቸው እንዲራመዱ፣ ሲያማቸው ቆመው እንዲያርፉ፣ ሲተዋቸው እንዲቀጥሉ መከራቸው።

በየጠዋቱ «እስኪያመኝ ልሂድ» ብለው ይወጡ ነበር። ደጃችን ካለው ማንጎ ሥር ቆመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ባታቸውን ሲያሹ ማየት ከበደኝ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆምኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይበቃል። ከእንግዲህ በባጃጅ ነው የሚሄዱት።»

«ባለሙያው ሂድ ብሎኛል እኮ፣ ልጄ።»

«እሱ ሥቃይዎን አያይም።»

ተመልሰው ተቀመጡ። እኔን ላለማስቀየም መሆኑ ያኔ አልገባኝም።

ከወራት በኋላ የእግር አውራ ጣታቸው ቁስል አልድን ብሎ እግራቸው ጠቆረ። ሐኪሞቹ ቆረጡት። መራመዱን ባይተዉ ኖሮ እግራቸው ይተርፍ እንደነበር ሐኪሙን ጠየቅሁት።

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ግን ሳይረዳቸው አይቀርም ነበር» አለኝ።

ይህን ስንነጋገር ሰምተውን ኖሯል። እጄን ይዘው፣ «አንቺ ክፉ አላሰብሽም» አሉኝ። በሳምንቱ አረፉ።

አሁንም ጠዋት በሩን እከፍታለሁ፤ ከኋላዬ የሚወጣ ሰው የለም።