የቀትር ጅብ

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጅብ አባሯል። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ይህን የማያውቅ አበሻ ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ልብስ አሰፍቶ አያውቅም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁም ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ናት። ሰው ለልኬት እጁን ዘርግቶ ሲቆም ደግሞ መሸሽ አይችልም። ደረቱ ሲለካ ጅቡ ይመጣል፣ ወገቡ ሲለካ ጅቡ ያጓራል፣ የሱሪው ቁመት ላይ ሲደርስ ጅቡ ጭራውን ቆልፎ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት ይፈረጥጣል። ለሙሉ ልብስ የመጣ ሙሽራ ሁለተኛ ጅብ ይጨመርለታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቴ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። አያቴ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር ወርዶ ገላባት አጠገብ አንድ እርሻ ላይ ሲቀጠር እሱንና ታላቅ እህቱን ይዟቸው መጣ። የታጨደ ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንዲደርቁ ይቆማሉ፤ ይህ ሂላ ይባላል። ሰሊጥ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ያን ጊዜ የነካው ሰው ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ መሬት ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ደግሞ ተለቅሞ አያልቅም። ስለዚህ ማራገፊያው ቀን እስኪደርስ በሂላ አጠገብ የሚታለፈው እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አጠገብ እንደሚታለፈው ነው። አባቴ እንደሚለው ጅብ መጥቶ አንዱን ሂላ ገፍትሮ ጣለ። እሱም ከሌላው ሂላ ዱላ ይዞ ወጣና አባረረው፤ በእርሻው ካምቦ የሚያድረው ሠራተኛ በሙሉ በትከሻው ተሸክሞ አዞረው። ይኸው ነው፤ አምሳ ዓመት ሙሉ ኖሮበታል።

እኔ ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ በሰርግ ቪዲዮ ላይ ጽጌረዳ ማዝነብ ነው። ባለፈው ዓመት ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ አንድ አስተማሪ ለሰፈራችን ወጣቶች በስልክ አኒሜሽን ማስተማር ጀመረና ተመዘገብኩ። በመጨረሻ እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን የአንድ ሰው የልጅነት ታሪክ መርጠን የሦስት ደቂቃ ፊልም እንድንሠራ አዘዘን። የኔ ታሪክ ምርጫ የሚያስፈልገው አልነበረም። ችግሩ እኔ ሥዕል አለመቻሌ ነው፤ የሳልኩትን ላም አይቶ አስተማሪው «ጥሩ ወንበር ነው» ብሎኛል። እሱው ነው መላ ያመጣው። «ገዳሪፍ ተቀምጠሽ ጥሬ ጠፋ?» አለኝ። «መስታወት ላይ ሰሊጥ በትኚ፣ ከሥሩ መብራት አድርጊ፣ በጣትሽ እየገፋሽ ፎቶ አንሺ። ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ፎቶ ይበቃል።»

አባቴ ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። አሮጌ የመስኮት መስታወት አምጥቶ ገመዱ ባለቀ የአንገሬብ አልጋ ላይ አጋደመልኝ። ከሥሩ በሶላር የሚበራ አምፖል አደረግን፤ ስልኬን ከላይ በሱሪ ላስቲክ አንጠለጠለው። ከዚያ በኋላ ግን ሱቁን ትቶ ዋና አዘጋጅ ሆነ።

«ጅቡ አንሷል።»

«አባየ፣ መስታወቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አይሰፋም።»

«እንግዲያስ እኔን አሳንሽኛ!»

እሱን ባሳነስኩት ቁጥር ጅቡ ገዘፈ። ደንበኞቹም ልብሳቸውን እየጠበቁ ምክር ይለግሱ ነበር፤ አንዱ ጅቡ ጥርስ ይጨመርለት ሲል ሌላው ጅብ ሲሮጥ ያነክሳል አለ። አባቴ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ ሲያይ አስነጠሰው፤ የሁለት ቀን ሥራዬ ከነተራራው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ወደ መስታወቱ ሲቀርብ አፍንጫውን በጨርቅ እንዲይዝ አዘዝኩት። ሌላ ቀን ደግሞ ለምሳ ወጥቼ ስመለስ ዶሮአችን መስታወቱ ላይ ቆማለች። ቤታችን ውስጥ ያለነው አባቴ፣ እኔና እሷ ነን። የአባቴን አንድ እግር ብቻ አስቀርታ ጅቡን ጨርሳ በልታዋለች።

«ያ ሰላም!» አለ አባቴ። «እኔ ያባረርኩትን ዶሮ በላችው!»

እንደገና ስጀምር ነው ጥያቄው የመጣው። በዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት መብራቱ መታወቅ አለበት፤ ሌሊት ከሆነ ሰሊጡ ጥቅጥቅ ብሎ ይነሰነሳል፣ ቀን ከሆነ መስታወቱ ባዶ ሆኖ ያበራል።

«ቀን ነው ማታ?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጅቡ የመጣው።»

አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። «ቀን ነው» አለ። ጨርቁን አጠፈና «ቀትር ላይ» አለ። መልሶ ዘረጋውና «ደመና ነበር እንጅ» አለ። በቀትር ስለሚዞር ጅብ ሰምቼ አላውቅም። ብልህ ብሆን ትቼው ባለፍኩ፤ ግን እኔ ነገር ከያዝኩ አለቅም፣ ይህን ደግሞ ከሱ ነው የወረስኩት። በዚያው ቀን ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ለምትኖረው አክስቴ፣ ማለትም ለዚያች ታላቅ እህቱ፣ በስልክ የድምፅ መልእክት ላኩላት።

መልሷ ሲመጣ የመጀመሪያው ደቂቃ ሳቅ ብቻ ነበር። «ጅብ!» አለች በመጨረሻ። «አንች ልጅ፣ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ምን ሊሠራ ይመጣል? ሰሊጥ ሊሸምት? አባትሽ ነው በሩጫ ሲመጣ ሂላውን የጣለው። ሰሊጡ ዝርግፍ! ደነገጠና ሌላው ሂላ ውስጥ ተወሸቀ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደው። አባታችን ሲደርስ ከወደቀው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነኝ። በገመድ ገረፈኝ። ለገና እገዛልሻለሁ ያለኝ ቀይ ቀሚስም ቀረ፤ ገላባት ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አይቸው ነበር። ወደ ማታ ያ ጉደኛ ወጣና ጅብ አለ፤ ሠራተኛው ተሸክሞ አዞረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ተይው፣ አትንገሪው። ተኝቶ ነበር፣ ሕፃን ምን ያውቃል? ኻላስ፣ አለቀ።»

አትንገሪው አለች፤ እኔ ግን ወዲያው አሰማሁት። እንደሚስቅ እርግጠኛ ነበርኩ። አባቴ እግሩን ከስፌት ማሽኑ መርገጫ ላይ አነሳ። «እታለም አርጅታለች፤ ትረሳለች» አለ። ከዚያ «ፊልሙ ይቅር» አለ።

ለአንድ ሳምንት ያህል ሱቁ ውስጥ የሚለካው ልብስ ብቻ ሆነ። አንድ የቆየ ደንበኛ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀና «ጅቡስ?» አለው። «ሞተ» አለው አባቴ።

እኔ ግን አልተውኩም። አክስቴ እንደነገረችኝ አድርጌ ሠራሁት። ትንሹ ልጅ ሂላው ውስጥ ተኝቷል፤ የተዘጋ ዓይኑም አምስት ፍሬ ሰሊጥ በአንድ መስመር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አፍንጫውን በጨርቅ ይዞ መጣና በላዬ ቆመ።

«ይኸ ምንድነው?»

«ዓይንህ። ተኝተሃል።»

አንገሬቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጨርቁን ከአፍንጫው አነሳ፣ መልሶ ያዘ። «ተኝቸ አልነበረም» አለ።

ጣቴን ከመስታወቱ ላይ አነሳሁ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ። ገመዱንም፣ እሷንም። እኔ ነኝ ብየ መውጣት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ማታ ስወጣ ጅብ ያልኩት እሷን ነፃ ላወጣ ብየ ነበር፤ እነሱ ግን ብድግ አርገው ተሸከሙኝ። ከላይ ሆኘ ሳያት ቆማ እያጨበጨበች ነው። ኸዚያ ወዲያ እንዴት ብየ ልውረድ?» እጁን አገላብጦ አየ። «እታለም እስከ ዛሬ የወደደችኝ ተኝቶ ነበር ብላ ነው። ነቅቸ እንደነበርኩ ካወቀች እህት የለኝም።»

ተናደድኩበት። ስድስት ዓመቱ እንደነበር እያወቅኩ ተናደድኩበት፤ ምክንያቱም ስድስቱን ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በየፋሲካው ቀሚስ ሰፍቶ በሎሪ ይልክላት ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። ለዚህ እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

«ቀይ ግን ልከህላት አታውቅም» አልኩት።

«ቀይ ካየች ታስታውሳለች ብየ።»

«እሷ መቼ ረሳች?»

ከኮቱ ደረት ላይ ሁልጊዜ የሚሰካትን መርፌ ነቀለ። ትንፋሹን ይዞ፣ ፊቱ እስኪጠቁር ይዞ፣ አምስቱን ፍሬ አንድ በአንድ ከመስታወቱ ላይ ገፋቸው። ከዚያ ጣሳው ውስጥ ፈልፍሎ አንድ ጥቁር ሰሊጥ አገኘና በቦታቸው አኖራት። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። አባቴ ሮጦ ወጥቶ ደጅ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ።

በማግሥቱ አንድ ጭብጥ የደረቀ ከርከዴ ይዞ መጣ። የከርከዴን ቀይ አበባ በልብስ መቀሱ ቆርጦ አንዲት ጣት የምታህል ቀሚስ አደረጋት፤ አንገቷም እጅጌዋም በልክ። ሁሉም ነገር ሰሊጥ በሆነበት ፊልም ውስጥ ያቺ ብቻ ቀይ ሆነች።

ፊልሞቹ የታዩት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በምንማርበት አዳራሽ ውስጥ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጥሮ። አክስቴ ጠርተናት በጠዋት አውቶቡስ ከኸሽም ኤል ቂርባ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የአባቴ ደንበኞች ሁለት ረድፍ ሞልተው ጅቡን ይጠብቃሉ። አባቴ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ረስቶት በሩ አጠገብ ቆሟል። ቢብስ ለመሸሽ እንዲመቸው መሆኑን አውቄአለሁ።

ልጁ ሮጠ። ሂላው ወደቀ፤ ለዚህ አንድ ጣሳ ሙሉ ሰሊጥ ነው ያፈሰስኩት፣ አዳራሹ «ውይ!» አለ። እዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ሰሊጥ አራግፈው ያደሩ ናቸውና ሕመሙ ገብቷቸዋል። ልጁ ተወሸቀ። ልጅቷ ተገረፈች። ሂላው ውስጥ ዓይኑ ተገለጠ። እኔ ግድግዳውን ትቼ የአክስቴን ጀርባ ነበር የማየው፤ ጀርባዋ ቀጥ አለ። ከዚያ ልጁ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ከአፉ ጅቡ ወጣ። ትልቅ ነው፣ ያነክሳል፣ ጥርሱ ተጨምሮለታል። ትንሽ ጨፈረና ፍሬ በፍሬ ረገፈ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ ልጅቷ ቀዩን ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ቆመች፤ አለቀ።

«ስንት ዘመን የለካኸን በውሸት ነው?» ብሎ አንድ ደንበኛ ጮኸ፤ ሌላ ዙር ሳቅ ሆነ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና በሩ ጋ ካለው ወንድሟ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ዓይኑ ክፍት ነው» አለችው።

«ክፍት ነበር፣ እታለም። ነቅቸ ነበር። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ።»

አባቴ በሩን ተደገፈ።

«የእግርህ ጣት ከሂላው ሥር ወጥቶ ነበር። ገመዱ ባረፈብኝ ቁጥር እጥፍ ይላል። ተኝቶ ጣቱን የሚያጥፍ ሰው አለ?»

«ታዲያ ለአባታችን ለምን አልነገርሽውም?»

«ሁለታችንም ከምንገረፍ አንዳችን ይበቃል ብየ» አለች፣ ገበያ ላይ ስለገዛችው ሽንኩርት የምታወራ ይመስል። «እኔ ደግሞ አንተ እንዳታፍር፣ ያላወቅሁ እንዲመስልህ ነው ተኝቶ ነበር ስል የኖርኩት። ያንተ ልጅ ግን ወሬ አይቆይላትም።»

አባቴ አለቀሰ። በሰው ፊት፣ በደንበኞቹ ፊት፣ አፍንጫውን በጨርቅ ሳይዝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አክስቴ ሁለታችንንም ትንሽ ታገሰችን፤ ከዚያ ወደ ባዶው አንሶላ ዞር ብላ «ቀሚሱ ደግ ነው። እጅጌው ግን አጥሯል» አለች።

አባቴ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ሜትሩን ከአንገቱ ሳበ። እዚያው በሩ ሥር አክስቴ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። በስንት ፋሲካ ስንት ቀሚስ ሲልክላት ለክቷት አያውቅም፤ ሁሉንም በግምት ነበር የሰፋው።

«ቀይ ነው?» አለችው።

«ቀይ ነው።»

«እንግዲያስ ሰፋ አርገህ ለካ» አለች። «ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።»