ባና ይዤ ድሬዳዋ

ከደብረ ብርሃን የምነሳበት ዋዜማ፣ መሸት ሲል፣ እናቴ የአንድ ጆንያ አፍ በወስፌ እየሰፋች ነበር።

«ይህን ለጋሽ ታደለ ታደርሳለህ» አለችኝ ቀና ሳትል። «እትዬ አስካለ ለወንድሟ የላከችው ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ባና።»

«ባና? የሱፍ ብርድ ልብስ ለድሬዳዋ?»

«የሰው አደራ ነው፤ አንተ ምን አገባህ!»

እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። ወንድሟ ለእናታቸው ቀብር ሳይደርስ ከቀረ ወዲህ ስሙን አታነሳም ነበር። ታረቁ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝና ጆንያውን ተሸከምኩ።

እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። የምሠራበት ቤት ተዘጋ፤ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ መካኒክ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። ያለኝ ለአንድ ወር የሚሆን ነው። በወሩ ሥራ ካላገኘሁ፣ መርቆ የሸኘኝን ሰፈር በባዶ እጅ ልገባበት ነው። እናንተ ሰፈሮቼ ደግሞ በደህና መጣህ እያላችሁ እንዴት እንደምታሙ አውቃለሁ።

ስደት ማለት ባሕር መሻገር ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በጥቅምት ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ድሬ ይውረድ። በመኪና ወርጄ በተሳፈርኩበት ባቡር ውስጥ አዋሽ ላይ ጃኬቴን፣ ሚኤሶ ላይ ሹራቤን አወለቅኩ። ድሬ ስደርስ የማወልቀው አልቆብኝ ነበር።

አከራዬን አዴ ፋጡማን ያገኘኋቸው ያን ዕለት ነው። እንዳደግኩበት ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። እሳቸው መሬቱን ያዩ ጀመር።

«ምን ወደቀብህ?» አሉኝ።

«ምንም፤ ሰላምታ ነው።»

«አቦ ቀና በል! ጆንያው ውስጥስ?»

«ብርድ ልብስ።»

ጎረቤቱን በኦሮምኛም በሶማልኛም ጠሩት። «ወላሂ ለእብድ አከራየሁ!» ወደ እኔ ዞሩ። « ማራገቢያ የለውም አልኩህ እንጂ፣ በረዶ ቤት ነው መቼ አልኩህ?»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት እንደ ሕልም ናቸው። እኛ አገር ፀሐይ ስትወጣ ሰው ይወጣል፤ እዚህ ፀሐይ ስትበረታ ሰው ይገባል። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ከተማው ዓይኑን ይጨፍናል። ሱቆቹ በር ላይ መጋረጃ ይጋርዳሉ፤ ባጃጆቹ ጥላ ሥር ያንቀላፋሉ። እኔ ብቻ ሲቪዬን አቅፌ በተኛ ከተማ መሀል እሄዳለሁ። አንዳንዴ የራሴ ኮቴ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሌላ ሰው ይመስለኝና እዞራለሁ።

የአንድ ልብስ ፋብሪካ ዘበኛ በየቀኑ ያየኝ ስለነበር ተላምደናል።

«ሰው አለህ?» አለኝ መጀመሪያ ቀን።

«ሲቪ አለኝ።»

«ሲቪማ ሁሉም አለው። ሰው ነው ያልኩህ።»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እዛ ካርቶን ውስጥ ጣለው።»

«ሲሞላስ?»

«ካርቶን እንቀይራለን።»

ቀፊራ ገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታ የሌላ ሥራ ፈላጊ ሲቪ ሆኖ አገኘሁት። «ታታሪና ጫናን የምቋቋም» ይላል። ቆሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ማልቀስ አማረኝ።

ጋሽ ታደለን ረሳኋቸው እንዳትሉ። ግን ሥራ ፈቶ ሊለምን መጣ መባሉ አሳፈረኝ። ተቀጥሬ፣ ደረቴን ነፍቼ አደርስላቸዋለሁ አልኩና ጆንያውን ትራስ አደረግኩት። አራት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ፣ አዴ ፋጡማ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ የምታውቀው ሰው የለህም?»

«አደራቸው እኔ ዘንድ ያለ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሥራ ስይዝ አደርስላቸዋለሁ።»

ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያ አላህ! በር ተሰጥቶህ ግድግዳ ትገፋለህ? ተነስ!»

ጋሽ ታደለ የሚኖሩት ከዚራ ሰፈር፣ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ባጠሉበት መንገድ ነው። ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ቀጭን ሰው ናቸው። የእህታቸውን ስም ስጠራ ወንበር ሰጡኝና በቢላ ስፌቱን ፈቱ።

ባናው ተዘረጋ። ጥግ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተጥፎበታል። ልጅ ሆኜ ከምድጃ ፍም ወድቆበት ያቃጠልኩት ቦታ ነው፤ የጣፍኩትም እኔው ነኝ፣ መጀመሪያ በጠገንኳት መኪና። የእናቴ ባና ነው። ያላት አንድ ባና።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ግን በዚያ ሙቀት ባናውን ጉልበታቸው ላይ አልብሰው ያሸቱት ነበር። ላባቸው እየተንቆረቆረ አላነሱትም።

«አስካለ ናት?» አሉኝ። «አስካለ ብርድ እንዳይመታኝ አሰበች?»

«አዎ» አልኩ። ጋሽ ታደለ ዓይናቸው ደክሟል፣ ይህን አያነቡትም፤ እናንተም አፋችሁን ያዙልኝ።

ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ወዲያው ስልክ አነሱ። «ዩሱፍ፣ የእህቴን ባና ያመጣልኝ ልጅ አለ፤ ነገ ይመጣል።» ሲቪ አልጠየቁ፣ ሙያዬን እንኳ አልጠሩም።

ዩሱፍ ታይዋን በሚሉት የድሬ ገበያ የስፌት መኪና ነጋዴ ነው። ለፋብሪካዎቹም ያቀርባል፣ ያስጠግናል። «ዋርያ፣ ና!» ብሎ በአገሩ አጠራር ጠራኝና አንድ ደርቆ የቀረ መኪና ፊቴ አስቀመጠ። «ይቺ እምቢ ካለች ስንት ጊዜዋ!» ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ዘይት አጠጣሁ። ሱቆች መጋረጃቸውን ሲገልጡ መኪናዋ ትሰፋ ነበር። ዩሱፍ ስፌቱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየና ስልኩን አውጥቶ ካርቶኑ ወዳለበት ፋብሪካ ደወለ።

ሰኞ ዕለት ከዚያው ፋብሪካ በር ቆምኩ።

«ዛሬስ ሰው አለህ?» አለኝ ዘበኛው እየሳቀ።

«አለኝ» አልኩት። በካርቶኑ አጠገብ አልፌ ገባሁ።

ማታውን ደወልኩ። እናቴ እልል አለች።

«ጋሽ ታደለ ደስ አለው?»

«በጣም። ለእህታቸው ሊደውሉ ነበር።»

«ደውሏል፤ ስታለቅስ ነው ያመሸችው። የላክሽው አንቺ ነሽ ብያታለሁ። አንተም እንዳትቀባጥር! ሰው ባዶ እጁን በር አያንኳኳም።»

«እማዬ፣ ሌሊት ምን ትለብሻለሽ?»

ስልኩን ራቅ አደረገች። ስትስል ሰማኋት።

«ዘንድሮ እኮ ብርድ የለም» አለች።

እኔ ካናቴራዬ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ወሩ ግን ኅዳር ነው፤ እዚያ ያላችሁት ታውቁታላችሁ። ደመወዝ እስክቀበል ድረስ፣ ማታ በደጇ ስታልፉ እስቲ ገባ በሉና ምን እንደለበሰች እዩልኝ።